መነኩሴው ገጽ ሲገለበጥ ነጋዴ ሆነብኝ፤ ብራናው ራሱ ጽሑፉን ይለውጣል እንዴ?

ገልባጩ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የጀማሪ ነው፣ እንዳትስቁብኝ። ላለፉት ሦስት ወራት ማታ ማታ የአንድ የድሮ ተአምረ ማርያም ፎቶዎች እያየሁ ጽሑፉን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ስሜን ያወጣሁት ከዚያ ነው፣ አሸዋ የሚጭነውን መኪና እንዳታስቡ። ፎቶዎቹ ባለቀለም ናቸው፣ ገጽ በገጽ የተነሡ፣ ጥራታቸውም ደህና ነው።

ሥራውን የሰጡኝ ሰው ገና ስጀምር «የጥራዞቹን ብዛት፣ የዓምዱን ስፋት፣ ቀዳዳውን፣ ስፌቱን፣ ሁሉንም እየመዘገብክ ሂድ» ብለውኝ ነበር። (ጥራዝ የሚሉት ተደራርበው፣ መሃላቸው ታጥፎ አንድ ላይ የተሰፉትን ጥቂት ቅጠሎች ነው።) እኔ ደግሞ በሆዴ «የሚፈለገው ጽሑፉ አይደል እንዴ፣ ይሄ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ዘለልኩት። እውነቱን ለመናገር አሁንም ብዙም አልገባኝም።

የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዱ ተአምር የሚጀምረው በአንድ መነኩሴ ነው። በበዓቱ ታሞ ተኝቷል፣ ሊሞት ነው፣ ወንድሞቹ ከበውታል። ገጹ «ወውእቱ» ብሎ ያልቃል። ቀጣዩን ፎቶ ስከፍት «ጸርሐ በዐቢይ ቃል» ይላል። እሺ፣ «እርሱም በታላቅ ድምፅ ጮኸ» ነው፣ ምንም ችግር የለውም። ግን ሁለት መስመር ወረድ ስል ሰውየው መርከብ ላይ ነው! ማዕበል ተነሥቷል፣ ሸቀጡን ወደ ባሕር ይጥላል፣ እመቤታችንን ይማጸናል። ድኖ ወደብ ይደርሳል፣ ተአምሩም በተለመደው ቡራኬ ይዘጋል። መነኩሴ በምን ሒሳብ ሸቀጥ ጭኖ ባሕር ላይ ይገኛል?

መጀመሪያ በጣም ደስ አለኝ። ማንም ያላየው ቅጂ ያገኘሁ መሰለኝ። «ነጋዴው መነኩሴ» ብዬ ርእስ ሁሉ አወጣሁለት። ከዚያ እያደር ጥርጣሬ ገባኝ። እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ የመጽሐፉ አካል፣ ማለት ቆዳው፣ ጥራዙ፣ ዓምዱ፣ ቀለሙ፣ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ የምር ይለውጣል? ወይስ ይሄ አሮጌ ዕቃ የሚወዱ ሰዎች ወግ ነው?

አልስማማም፦

ነገሩ የተጋነነ ይመስለኛል። ዳዊት በብራና ተጻፈ፣ በወረቀት ታተመ፣ በስልክ ተነበበ፣ ዳዊት ዳዊት ነው። ዕቃው ሌላ፣ በዕቃው ውስጥ ያለው ሌላ። ውሃ በእንስራ ቢቀዳ በጆግ ቢቀዳ ያው ውሃ ነው። የመነኩሴውም ነገር ቀላል ነው። ጸሐፊው እንቅልፍ ይዞት ሁለት ተአምር አምታቶ ይሆናል። «አንድ ጸሐፊ ተሳስቷል» ብለህ ማስታወሻ ጻፍና እለፍ።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦

ውሃውን ካነሣህ አይቀር፣ ውሃ የገባበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል ወንድሜ።

ዳዊትን ስለጠራህ ከዳዊት ልጀምር። የብራና ዳዊት ከፍተህ ካየህ መዝሙሩ የተጻፈው በአንድ ዓምድ ነው። አንዱ ስንኝ አንድ መስመር ይይዛል። መስመሩ ሳይበቃው ሲቀር ጸሐፊው የተረፉትን ሁለት ሦስት ፊደላት ወደ ታች ወስዶ አዲስ መስመር አይጀምርባቸውም፤ እዚያው ጫፉ ላይ፣ ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ባለችው ክፍት ቦታ፣ ደቀቅ አድርጎ ይሰቅላቸዋል። ለምን? የሚቀጥለው መስመር የሚቀጥለው ስንኝ ቤት ነዋ። ስንኝ የሌላውን ስንኝ ቤት አይረግጥም። በዚህ የለመደ ሰው ዓይኑን ጣል እያደረገ በአፉ ይወርደዋል፣ መስመሩ ራሱ የት መተንፈስ እንዳለበት ይነግረዋል።

መዝሙር 135 ላይ ስትደርስ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» በየስንኙ ይመለሳል። 150 ላይ ደግሞ «ሰብሕዎ፣ ሰብሕዎ» እያለ ይወርዳል። እጁ የተፈታ ጸሐፊ እነዚህን ተመላላሽ ቃላት አንዱን ከአንዱ ሥር ልክ ለልክ እየደረደረ ከላይ እስከ ታች እንደ ዓምድ ያቆማቸዋል። ገና ሳታነበው ምስጋናው በዓይንህ ይታይሃል። ስልክህ ላይ ያለው ዳዊት መስመሩን የሚሰብረው በስክሪኑ ስፋት ልክ ነው፣ ስልኩን ብታጋድመው ደግሞ ሌላ ቦታ ይሰብረዋል። ቃሉ ያው ነው፣ አልክድም። አደጋገሙ ግን ያው አይደለም።

ዳዊቱ አልቆ ውዳሴ ማርያም ሲጀመር ደግሞ ገጹ ወደ ሁለት ዓምድ ይለወጣል። መጽሐፉን መሃል ላይ የከፈተ ሰው አንድ ፊደል ሳያነብ የት እንዳለ ያውቃል። የገጽ ቁጥር አያስፈልገውም።

ድጓም እንደዚያው ነው። ከቃሉ በላይ ዜማውን የሚመራ ምልክት አለ። ደቃቅ ፊደልና ነጠብጣብ ነው። መሥመሩን ያሰመረው ሰው ገና ባዶ ቆዳ ላይ በወስፌ ሲወጋ ለምልክቱ የሚሆን ክፍት ቦታ ካላሰበለት ዜማው የሚቀመጥበት የለውም። ዜማውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው፣ ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ ጀምሮ።

አሁን ወዳንተ መጽሐፍ ልምጣ። በየተአምሩ መጨረሻ ያለችውን ቡራኬ አስተውለሃል? «ጸሎታ ወበረከታ የሃሉ ምስለ»፣ ጸሎቷና በረከቷ ከእገሌ ጋር ይሁን፣ ካለ በኋላ ስም ይመጣል። የአስጻፊው ስም ነው። መጽሐፉ ሲወረስ ወይም ሲሸጥ ያ ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም ይገባበታል። የድሮው ስም አጭር፣ አዲሱ ረጅም ከሆነ ፊደሎቹ ተጨማደው ታገኛቸዋለህ፤ አዲሱ አጭር ከሆነ ደግሞ ቦታ ለመሙላት የተለጠጡ። አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ባለቤት እስኪገኝ ባዶ የተተወ ቦታም አለ። እንግዲህ የትኛው ስም ነው «ትክክለኛው ጽሑፍ»? በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ተብሎ ይገዘታል፣ የሰረቀውና የፋቀው። ሌባና ፋቂ አብረው የተወገዙት ብራና የሚፋቅ ነገር ስለሆነ ነው። ያንን ውግዘት እያነበበ የፋቀ ሰው ልቡ እንዴት እንደቻለ አላውቅም፣ ግን ፍቋል።

ለመነኩሴው ጉዳይ፣ በየጥራዙ መጀመሪያ ገጽ ላይ ከላይ በኩል የግእዝ ቁጥር ካለ ፈልግ።

ገልባጩ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሮቹን አይቻቸው ነበር፣ ግን የምዕራፍ መስለውኝ ዘልያቸዋለሁ። አሁን ስመለከት ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ ሳይዘሉ ይቀጥላሉ። ታሪኩ የሚዘለው ፯ ካለበት ገጽ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ስለዚህ የጎደለ ጥራዝ የለም ማለት ነው?

ሩቅ አንባቢ፦

ጥራዝ ሲጎድል ምን እንደሚመስል እኔ ልንገርህ፣ ከሩቅ አገር ነው።

የአይስላንድ የድሮ የአማልክትና የጀግኖች ግጥሞች በብዛት የተረፉት በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን በተጻፈ። ዛሬ 45 ቅጠል ነው ያለው። (ቅጠል ስል ፊትና ጀርባ ያለውን አንዱን ማለቴ ነው፣ ሁለት ገጽ።) መሃሉ ላይ 8 ቅጠል ጠፍቷል፣ ልክ አንድ ጥራዝ። የጠፋው ደግሞ የሲጉርድ የሚባለው ጀግና ታሪክ የሚጦፍበት ቦታ ነው። አንዲት ሴት ምክር እየሰጠችው ሳለ ንግግሯ ይቆረጣል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ግጥም ከመሃሉ ይጀምራል። ያ መጀመሪያ የሌለው ግጥም ዛሬ በሊቃውንቱ ዘንድ ስሙ ራሱ «የሲጉርድ ግጥም ቁራጭ» ነው። ገጣሚው ቁራጭ አልጻፈም። ስሙን ያወጣለት የተበጠሰ ክር ነው! በመሃሉ የሆነውን የምናውቀው ግጥሞቹ ሳይጠፉ ያነበበ ሌላ ሰው በዝርው ስለተረከው ብቻ ነው።

ሌላው የሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ የሊቪ ነው። ሥራው 142 ክፍል ነበር። የደረሰን 35 ነው፤ ከ1 እስከ 10፣ ከዚያ ከ21 እስከ 45። ቁጥሮቹን ልብ በሉ። እንዲሁ ተበታትኖ አይደለም የጠፋው፣ በአሥር በአሥር፣ በአምስት በአምስት ነው። ጥቅልሉ ወደ ተጠረዘ መጽሐፍ ሲዞር በዚያ ልክ እየተቧደነ ስለተጻፈ፣ ሲጠፋም ሲተርፍም በመጽሐፍ በመጽሐፍ ሆነ። የትኛውን የሮማ ጦርነት በዝርዝር እንደምናውቅ የወሰነው የመጽሐፍ ውፍረት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

በጣም የምወደው ግን የፓሪስና የቦሎኛ ተማሪዎች ነገር ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ አከራዮች ነበሩ። የተፈተሸውን ዋና ቅጂ ሳይጠርዙ በክፍልፋይ ይዘው አንዱን ክፍል ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ያከራያሉ። ተማሪው አራተኛውን ክፍል ገልብጦ ይመልስና አምስተኛውን ሲጠይቅ «ወጥቷል» ይባላል። ምን ያደርጋል? በግምት ቦታ ትቶ ስድስተኛውን ይዞ ይሄዳል። በኋላ አምስተኛው ሲገኝ የተተወው ቦታ ወይ ይጠበዋል ወይ ይሰፋዋል። ሲጠበው ፊደሉ እየደቀቀ፣ አሕጽሮቱ እየበዛ ይሄዳል። ሲሰፋው ግማሽ ዓምድ ባዶ ይቀራል። ያንን ያላወቀ ሰው ባዶውን ሲያይ «እዚህ ጽሑፍ ጎድሏል» ይላል፣ ምንም አልጎደለም። ከዚህ በላይ ደግሞ አለ። አንዱ ክፍል በስሕተት የተሞላ፣ ሌላው ንጹሕ ከሆነ የአንድ መጽሐፍ ሩቡ ከአንድ «ወላጅ»፣ ሩቡ ከሌላ ይወለዳል ማለት ነው። የቅጂዎችን የዘር ሐረግ የሚስሉ ሰዎችን ራስ ምታት የሚያስይዘው ይሄ ነው።

ጠራዧ፦

ገልባጩ፣ መልስህ ቁጥሩ ላይ የለም። ቁጥሩ የሚነግርህ የጥራዞቹን ቅደም ተከተል ነው፣ በጥራዙ ውስጥ ስንት ቅጠል እንዳለ አይነግርህም። መቁጠር አለብህ።

አሁን አራት ወረቀት አምጣና ደራርበህ መሃሉ ላይ እጠፈው። የምሬን ነው፣ አድርገው። ስምንት ቅጠል፣ 16 ገጽ ሆነልህ። ብዙ ጊዜ የእኛ ጥራዝ ይሄ ነው። ልብ በል፣ አንደኛው ቅጠል ከስምንተኛው ጋር አንድ ቆዳ ነው። ሁለተኛው ከሰባተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው። ስፌቱ የሚያልፈው በማጠፊያው መሃል ነው፣ ክሩ የሚታይህም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ብቻ ነው።

አሁን ከውጭ ሁለተኛውን ወረቀት ጎትተህ አውጣው። ምን ጎደለ? ሁለተኛው ቅጠል ጎደለ፣ ሰባተኛውም አብሮት ሄደ። ክፍተቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፣ አንዱ መጀመሪያ አካባቢ፣ አንዱ መጨረሻ አካባቢ። ስለዚህ አንድ ክፍተት ያገኘ ሰው ወንድሙን መፈለግ አለበት። መንታ ናቸው።

ሁለተኛው ምስክር ቆዳው ነው። ብራና ሁለት ፊት አለው። ጠጉር የነበረበት ወገን ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጠጋ ብለህ ስታየው የጠጉሩ ሥር ነጠብጣብ ይታያል። የሥጋው ወገን ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። ጥራዝ የሚያዘጋጅ ሰው ሲደራርብ ጠጉሩን ከጠጉር፣ ሥጋውን ከሥጋ ያፋጥጣል፣ መጽሐፉ ሲከፈት ግራና ቀኙ አንድ መልክ እንዲኖረው። ስለዚህ ከፍተህ ግራው ነጭ፣ ቀኙ ቢጫ ሆኖ ካገኘኸው በመካከላቸው የነበረ ቅጠል የለም ማለት ነው። (ይሄ ሁሌም አያድንም። የመሃሉ ቆዳ፣ አራተኛውና አምስተኛው፣ አብረው ከወጡ ሁለት ቅጠል በአንዴ ስለሚጎድል ግራና ቀኙ ተመልሰው ይመሳሰላሉ። ያኔ ቆዳው ዝም ይላል፣ የሚያጋልጠው ቆጠራው ብቻ ነው።) ባለቀለም ፎቶ ስላለህ ዕድለኛ ነህ። በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም ቢሆን ይሄን ማየት እንዴት እንደሚከብድ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ የ፯ኛውን ጥራዝ ቅጠሎች ቁጠር። ስድስት ከሆኑና ዝላዩ ከመጀመሪያው ቅጠል ቀጥሎ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዝላይ ከመጨረሻው ቅጠል በፊት ነው ያለው። ሄደህ እይ። ሰባት ከሆኑ ደግሞ አንዱ ብቻውን ተቀድዶ ነው፣ ማጠፊያው ጋ የቀረች ቁራጭ ትፈልጋለህ።

በነገራችን ላይ «ጥራዝ ነጠቅ» የሚለው ስድብ ከየት እንደመጣ አሁን ይገባሃል ብዬ አስባለሁ። ሙሉውን መጽሐፍ ሳይዝ አንድ ጥራዝ ይዞ የሚያወራ።

አልስማማም፦

እሺ፣ ቅጠል ጠፋ። ግን ይሄ ጉዳት ነው እንጂ «ቅርጹ ጽሑፉን ሠራው» አያሰኝም። መኪናህ ቢጋጭ መጋጨቱ የመኪናው ዲዛይን ነው አይባልም። ሳይጎዳ፣ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ የመጽሐፉ አካል ምን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ አሳዩኝ።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። የዳዊቱን መልስ የዘለልከው ይመስለኛል፣ ግን ሌላ ልጨምርልህ።

ወንጌሉን እንይ። በገዳማትና በአድባራት ትልቁ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ይኖሩታል፣ መጀመሪያ ላይ፣ መጨረሻ ላይ፣ አንዳንዴም በወንጌላውያኑ መካከል። ባዶ ብራና ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፣ ቆዳ ውድ ነው። በዚያ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ ተጻፈበት፤ ማን ሰጠ፣ ለማን ሰጠ፣ ምስክሮቹ እነማን ናቸው፣ የሻረውስ ምን ያግኘው። ወንጌል ውስጥ ስለሆነ ማንም ደፍሮ አይፍቀውም፣ መጽሐፉም እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል። የአገራችንን የመካከለኛ ዘመን የመሬት ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ከማቴዎስና ከዮሐንስ ጫፍ ላይ ነው የሚለቅሙት። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 81 የተሰጠው፣ ከአራቱ ወንጌል ሌላ ስለ ገዳሙ ብዙ ማስታወሻ የያዘ ነው። ያ ጽሑፍ የተወለደው ባዶ ቅጠል ስለነበረ ነው። ጉዳት አይደለም ይሄ።

ስንክሳርም አለልህ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ መጽሐፍ ማድረግ ለተሸካሚውም ለስፌቱም ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሌላው ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን። አንድ ደብር አንዱን ብቻ ሊኖረው ይችላል። የግማሽ ዓመት ቅዱሳን ማለት ነው።

ሩቅ አንባቢ፦

በዚያው ላይ ልጨምር። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በአንድ ክዳን ውስጥ ማድረግ ትልቅ ድፍረት ነው። በእንግሊዝ ሰሜን ያሉ መነኮሳት ከ716 በፊት አድርገውት ነበር፣ መጽሐፉ 34 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የጥጃውን ቆዳ ብዛት አስቡት። በአንድ ክዳን ካስገባኸው ግን የትኛው መጽሐፍ እንደሚገባ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ መወሰን ግድ ይሆንብሃል። ክዳኑ ሲዘጋ ዝርዝሩም ይዘጋል። በግእዙ በኩል ደግሞ የተለመደው ለየብቻ መጻፍ ነው፤ ኦሪቱ እስከ ሩት ስምንቱ መጻሕፍት አንድ ላይ፣ ዳዊት ለብቻው፣ አራቱ ወንጌል ለብቻው፣ የጳውሎስ መልእክታት ለብቻቸው። 81 የሚለው የመጻሕፍቱ ቁጥር የጸና ሆኖ አቆጣጠሩ ግን ከዝርዝር ዝርዝር የሚለያየው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል። ማንም ጠራዥ «አሁን ልዘጋው ነው፣ ወስኑ» ብሎ አልጠየቀማ።

ስለ መጽሐፈ ሄኖክም አንድ ነገር ልበል። የዓለሙን ዘመን በ10 ሱባኤ የሚከፍል ራእይ አለ። በግእዙ ስታነበው 8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው ሱባኤ ምዕራፍ 91 ላይ ናቸው። ከ1ኛው እስከ 7ኛው ደግሞ ምዕራፍ 93 ላይ። መጨረሻው ከመጀመሪያው ይቀድማል! በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን ዋሻ የተገኘው የአረማይክ ቁራጭ ላይ ግን 8ኛው ከ7ኛው ቀጥሎ ነው የሚመጣው፣ በሥርዓቱ። አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ክፍል ቦታውን ለቅቋል ማለት ነው፣ ምናልባት ከክሩ የወጣ ቅጠል ያለ ቦታው ገብቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የገለበጡት ሁሉ በታማኝነት ገለበጡት። በኋላ ዘመን የምዕራፍ ቁጥር ሲወጣለት ደግሞ የተዛባው ቦታ ሕጋዊ አድራሻ አገኘ። ዛሬ «ሄኖክ 91፥12» ብሎ የሚጠቅስ ሰው ያንን ዝንፈት ነው የሚጠቅሰው።

አልስማማም፣ ጉዳትና ቅርጽ የሚለያዩበትን መስመር እዚህ ላይ አስምርልኝ እስቲ።

አልስማማም፦

የሄኖኩ ይከብዳል። የወንጌሉንም ተቀብያለሁ። ስሜን ግን አልቀይርም።

ገልባጩ፦

ተመልሻለሁ። ትናንት ማታ እስከ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።

፯ኛው ጥራዝ ስድስት ቅጠል ነው። ሌሎቹ ስምንት ስምንት ናቸው። ክሩ የሚታየው ከሦስተኛው ቅጠል ቀጥሎ ነው። የመነኩሴው ገጽና የመርከቡ ገጽ ጎን ለጎን ሳደርጋቸው አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ ነጥብ ነጥብ አለበት። ሦስት ወር ሙሉ አይቼው አላየሁትም። የመነኩሴው ታሪክ መጨረሻና የነጋዴው ታሪክ መጀመሪያ የጠፋው ቅጠል ላይ ነበሩ፣ በቀይ የተጻፈው የአዲሱ ተአምር ርእስም አብሯቸው ሄዷል። «ነጋዴው መነኩሴ» የሚባል ሰው አልነበረም። «ወውእቱ» እና «ጸርሐ» በአጋጣሚ ስለገጠሙ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

እሱስ ይሁን። ጠራዧ እንዳለችው ወደ ጥራዙ መጨረሻ ሄድኩ፣ መንታውን ፍለጋ። ያንን ቦታ ባለፈው ወር ገልብጬው ጨርሼዋለሁ፣ ምንም ዝላይ አላስታውስም። ሳየው ግን እዚያም ግራና ቀኙ አይመሳሰሉም፣ ነጭና ቢጫ። ደነገጥኩ። እንዴት ሳላውቀው አለፍኩ ብዬ የራሴን ፋይል ከፈትኩ።

ብራናው ላይ የግራው ገጽ «ወይቤ» ብሎ ያልቃል፣ ቃሉ ሳያልቅ። ይሄ በግእዝ መጽሐፍ የተለመደ ነው፣ ቃል የትም ይቆረጣል። የቀኙ ገጽ «ኀበ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ይጀምራል። እኔ ያኔ ፊደሉ የደበዘዘ መስሎኝ ነበር። እና ምን ጻፍኩ? «ወይቤላ ሑሪ ኀበ ቤተ ክርስቲያን»። «ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ አላት»። «ላ ሑሪ» የሚለው የትም የለም። ቅንፍ ውስጥ እንኳን አላስገባሁትም! ማን ለማን እንደሚናገር ሳላውቅ ሰሚዋን ሴት አድርጌ፣ ትእዛዝ ሰጥቼ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልኬያታለሁ። ከእኔ ፋይል የሚገለብጥ ሰው ቢኖር ይህቺ ሴት ለዘላለም ትሄድ ነበር።

አልስማማም፣ ጸሐፊው እንቅልፍ ይዞት ነው ብለህ ነበር። ጸሐፊው ንጹሕ ነው። የተኛው ሌላ ነው።

አሁን ምዝገባውን ከመጀመሪያው ጥራዝ ጀምሬ ልሠራው ነው። ሥራውን ለሰጡኝ ሰውም ደውዬ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ቀዳዳዎቹንም መዝግብ» ብለው ዘጉት።

ጠራዧ፦

ሑሪን አውጣትና በቦታው «እዚህ አንድ ቅጠል ጎድሏል» ብለህ ጻፍ። ለሁለቱም ክፍተት ለየብቻ ጻፍ፣ ግን አንድ ቆዳ መሆናቸውንም ጥቀስ፣ ምክንያቱም ያ ቆዳ አንድ ቀን በሌላ ሰው እጅ ቢገኝ አራቱም ገጽ አብረው ነው የሚገኙት። ከክሩ የወጣ ቅጠል ደግሞ አንዳንዴ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ቦታ ተሰክቶ ይገኛል። የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች ሳታይ እንዳትዘጋው።

አልስማማም፦

እሺ ሁሉም ይሁን። መነኩሴው ግን ምን ሆነ? ዳነ ወይስ ሞተ?

ገልባጩ፦

የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች አይቻለሁ፣ እዚያ የለም። ሌላ ቅጂ እየፈለግኩ ነው።